የዝምታ ፈቃድ

በ2081 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ የሳይንስ ተማሪ ጥያቄ አይጠይቅም ነበር። የከለከለው ሰው አልነበረም። አፉን ሳይከፍት መልሱ ጆሮው ውስጥ ስለሚደርስ ነው።

የደቻቱ ሳይንስ ኮሌጅ ትልቁ አዳራሽ ጠዋት ሲከፈት ተማሪዎቹ ገብተው በየቦታቸው ይቀመጣሉ፤ መስሚያቸውን ጆሯቸው ውስጥ ይሰካሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ከማቀዝቀዣው ጉምጉምታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። አልፎ አልፎ አንዱ ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ገብቶኛል ማለቱ ነው። አስተማሪ ፊት ቆሞ የሚያስተምርበት ክፍል ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ትምህርቱ በሙሉ የቤት ሥራ ሆኗል። ኮሌጅ ውስጥ እየተሠራም ስሙ ያው የቤት ሥራ ነው፤ ለምን እንዲህ እንደሚባል የሚያስታውስ ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከሚያስታውሱት አንዷ የኬሚስትሪ መምህርቷ ትርሲት አበጋዝ ነበረች። ወጣት ሳለች የምታስተምረው ክፍል እጅግ ከመጨናነቁ የተነሳ ተማሪዎቿን በስም አታውቃቸውም ነበር። የቤት ሥራ ሰጥታ የሚሰበሰበውን ወረቀት በማዳበሪያ ከረጢት ወደ ቤቷ ትወስዳለች፤ አርማ ሳትጨርስ ፈተና ይደርሳል፤ ተማሪው የተሳሳተው ምን ላይ እንደሆነ የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው። «አጋዥ» የተባለው የበይነ መረብ የቤት ሥራ ሲመጣ ኮሌጁ ውስጥ ከሁሉም በፊት የተቀበለችው እሷ ነበረች። ተማሪው ሲሳሳት ወዲያው ይነግረዋል፣ ፍንጭ ይሰጠዋል፣ ደግሞ ያሠራዋል። በዓመቱ የወደቁት ቁጥር በግማሽ ቀነሰ። ትርሲት ያን ዓመት በደስታ አልቅሳለች።

ፍንጩን የሚናገር ድምፅ ሲፈለግም የተመረጠችው እሷ ሆነች። ለዛ ያለው፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበራት። አንድ ክረምት ሙሉ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ቀረጸች። «እስቲ ተመለስና የመጀመሪያውን መስመር እየው።» «ተቃርበሻል፤ ምልክቱን ብቻ አስተካክዪ።» ከዚያ በኋላ የቀረውን አጋዥ ራሱ ከድምፅዋ እየሠራ ቀጠለ። አሁን ስልሳ ሊሞላት ነው፤ ድምፅዋ ሻክሯል። አዳራሹ ውስጥ ግን በወጣትነቷ ድምፅ ቀኑን ሙሉ በየጆሮው ትናገራለች።

ሥራዋ ከአዳራሹ በላይ ባለው የመስታወት ክፍል ተቀምጦ መከታተል ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ሰሌዳው ላይ አንድ መብራት አለው። አረንጓዴ ማለት እየሄደ ነው። ቢጫ ማለት አመነታ። ቢጫው ብዙ አይቆይም፤ ድምፁ ይገባና ተማሪው ይቀጥላል። ቀይ ማለት ቆሟል ማለት ነው፤ ቀይ ግን እንደ ድሬ በረዶ ነው፣ አይታይም።

በጥቅምት ወር አንድ ቀን ጠዋት ቀይ በራ፤ በርቶም ቀረ።

ትርሲት መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ወረደች። መብራቱ የአንዲት አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ሰዓዳ ኢድሪስ ትባላለች፤ አባቷ የባቡር ፍሬን ጠጋኝ ነው። ቀጭን፣ ቅንድቧ የተጋጠመ ልጅ ነች። መስሚያዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው፣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ግድግዳ ታያለች።

«ምነው ልጄ፣ ተበላሸብሽ እንዴ?»

«አልተበላሸም ቲቸር። አውልቄው ነው።»

አጠገቧ ያሉት ተማሪዎች ዞር አሉ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሰው ሲነጋገር ሰምተው አያውቁም።

«ለምን አወለቅሽው?»

«ቶሎ ይናገራል። ገና ማሰብ ስጀምር ይናገራል፤ የጀመርኩት ይጠፋብኛል።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻትና ደነገጠች። «ውይ፣ ይቅርታ… ድምፁ የእርስዎ ነው ለካ!»

ትርሲት ሳቀች። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ አታውቅም። «የቱ ላይ ነው የቆምሽው?» አለቻት።

ሰዓዳ ስክሪኑን አሳየቻት። «ሁለት ነገሮች ተዋህደው ሦስተኛ ይሠራሉ። ሦስተኛው ደግሞ እየፈረሰ ወደ ሁለቱ ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ ምንም ለውጥ አይታይም። አጋዥ ‹አልቆመም፣ መሥራቱም መፍረሱም እኩል እየሄደ ነው› ይለኛል። እሺ፤ ግን በምን አወቀ? የቆመ ነገርና እኩል የሚሄድ ነገር ከውጭ ሲያዩት አንድ አይደለም ወይ?»

መልሱ ትርሲት ምላሷ ላይ ነበር። የሠላሳ ዓመት ልማድ «እስቲ» ሊያሰኛት ከንፈሯን አላቀቀው። መልሳ ዘጋችው። ይህን ጥያቄ ከሰው አፍ የሰማችው መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች፤ አልቻለችም።

አጋዥ ውስጥ «የዝምታ ፈቃድ» የሚባል ነገር ነበር። ሐዘን የደረሰበት ወይም የታመመ ተማሪ ድምፁ እንዳያጣድፈው ለጊዜው ዝም የሚያሰኝ ነው። የሚሰጠው የሚከታተለው መምህር ነው። ትርሲት ወደ መስታወት ክፍሏ ተመልሳ ለሰዓዳ ፈቃዱን ሰጠች። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «ሐዘን» ብላ ሞላች።

ከምሳ በኋላ ከተማው በሙቀት ዓይኑን ሲጨፍን፣ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ፣ ሁለቱ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተገናኙ። ትርሲት ከጽዳት ክፍል ሁለት ባልዲና ሁለት ጣሳ አመጣች። አንዱን ባልዲ በውኃ ሞላችው፤ ሌላውን ባዶ ተወችው።

«አንቺ ከዚህ እየቀዳሽ ወደዚያ ጨምሪ፤ እኔ ከዚያ እየቀዳሁ ወደዚህ እጨምራለሁ። ጣሳውን የባልዲውን ታች እያስነካን እንቅዳ፤ የገባውን ያህል ብቻ።»

መጀመሪያ የሰዓዳ ጣሳ ጢም ብሎ ሲወጣ የትርሲት ባዶውን ይወጣል። እያደር የአንዱ እየጎደለ የሌላው እየሞላ ሄደ። በመጨረሻ የሁለቱ ባልዲ ውኃ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ። እነሱ ግን መቅዳታቸውን አላቆሙም።

«አየሽ» አለች ትርሲት እያለከለከች፣ «ውኃው ቆሟል። እኛ ግን አልቆምንም።»

ሰዓዳ ጣሳዋን እንደያዘች አሰበች። «እሱማ እጃችንን ስለማይ ነው። እጃችን ባይታይስ? ባልዲዎቹ ብቻ ቢታዩ? እየቀዳን ይሁን ተኝተን ይሁን በምን ይታወቃል?»

«እሱን አንቺ ፈልጊው።»

«አይነግሩኝም?»

«አልነግርሽም።»

ሰዓዳ እስከ ጆሮዋ ድረስ ፈገግ አለች። ሰው ስጦታ ሲሰጠው እንደሚያደርገው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰዓዳ አዳራሹ ውስጥ ገብታ ጥያቄውን ታስባለች፤ መብራቷ ቀይ እንደሆነ ይውላል። ከሰዓት ከዛፉ ሥር ትመጣና የደረሰችበትን ትናገራለች። አንድ ቀን «ባልዲውን ብመዝነውስ?» አለች፤ ራሷው ትንሽ አስባ «አይ፣ ክብደቱም አይለወጥም» ብላ ተወችው። ሌላ ቀን «ድምፁን ባዳምጥስ? ሲቀዳ ይንቦጫረቃል» አለች፤ ትርሲት «ድምፁም አይሰማም እንበል» አለቻት። ሰዓዳ «አይ ቲቸር፣ ጨካኝ ነዎት!» ብላ ሳቀች። ሳቁን የሰሙ ሌሎች አራት አምስት ተማሪዎች ቀረብ ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ ለመተያየት እንኳ ያፍሩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እርስ በርስ ይከራከሩ ጀመር፤ አንዱ ሌላውን «ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው!» ብሎ ሲቆጣ ትርሲት ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች። ለእነሱም ፈቃዱን ሰጠቻቸው።

የኮሌጁ ዲን ዶክተር መክብብ ያስጠራት ያን ሰሞን ነው። በወጣትነቷ ያስተማረችው ሰው ነው፤ ዛሬም ስትገባ ከመቀመጫው ይነሳል።

«ማን ሞቶባቸው ነው ቲቸር?» አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። «ስድስት ሰው ባንድ ጊዜ ሐዘን ላይ ነው ይለኛል።»

ትርሲት አልዋሸችም። ዛፉን፣ ባልዲውን፣ ጥያቄውን ነገረችው። «መክብብ፣ እያሰቡ ነው እኮ። ናና እያቸው።»

«አምናለሁ። ግን አጋዥ ማሰብንና መቆምን አይለይም፤ ለእሱ ሁለቱም ቀይ ነው።» ሰሌዳውን አዞረላት። «እስከ አርብ ቀይ ሆነው ከቆዩ ለሳይንስ አይሆኑም ብሎ ወደ ሌላ ዘርፍ ያዛውራቸዋል። እኔ አልፈርምበትም፤ አላስቆመውምም። ራሱ ነው የሚያዛውረው።»

«ይግባኝ የለም?»

«አለ። የኮሌጁ ሰኔት ፊት ቀርበው ያስረዳሉ። ፈቃዱን ያለ ሐዘን ለምን እንደሰጡ ይጠይቅዎታል። ምናልባት ከሥራ ያግድዎታል፤ ምናልባት ይሰማዎታል። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ ተዛውረው ይጠብቃሉ።» ሰሌዳውን ወደ ቦታው መለሰው። «ቲቸር፣ እኔ እርስዎ ዘንድ ስማር ከሦስት አንዱ ይወድቅ ነበር። አብሮኝ የሚተኛ ጓደኛዬ ወድቆ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ሻንጣውን የተሸከምኩለት እኔ ነኝ። አሁን ማንም አይወድቅም። ይሄን ያመጡት እርስዎ ነዎት። እኔ ልጅዎ ነኝ፣ እለምንዎታለሁ፤ ድምፁን ይመልሱላቸው።»

ትርሲት ሁለት ቀን አሰበች። ሰኔት ፊት የምትናገረውን በልቧ ትጀምረውና መሐል ላይ ይደክማታል። ልጆቹን ያስዛወርሽ አንቺ ነሽ ቢሏትስ? አባቷ ፍሬን እየጠገነ ያስተማራት ልጅ በእኔ ግትርነት ብትባረርስ? ሐሙስ ማታ ልቧ ወደ ሰኔቱ አጋደለ። አርብ ጠዋት የመስታወት ክፍሏ ውስጥ ስትቀመጥ ስድስቱ ቀይ መብራቶች ፊቷ ነበሩ፤ እጇ ቀደማት። ፈቃዱን ባንድ ጊዜ ከሁሉም ላይ አነሳች። «ለእነሱ ብዬ ነው» አለች ጮክ ብላ፤ የሰማት አልነበረም።

አጋዥ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ይሰማ ነበር፤ ዛፉ ሥር የተባለውንም ተማሪዎቹ ኪስ ውስጥ ባለው መስሚያ በኩል ሰምቷል። ድምፁ እንደተመለሰ ሰዓዳ ጆሮ ውስጥ በሃያ ስምንት ዓመቷ ትርሲት ቃል ተናገረ፦ «እስቲ አንደኛው ባልዲ ውስጥ ጥቂት ቀይ ቀለም ብንጨምርስ? የውኃው ልክ ሳይለወጥ ሌላኛው ባልዲ ከቀላ፣ መቅዳቱ አልቆመም ማለት ነው።»

ትርሲት ከላይ ሆና አየቻት። ሰዓዳ አገጯን ከመዳፏ አነሳች። መስሚያውን አላወለቀችም። ቀና ብላ ወደ መስታወቱ ተመለከተች፤ ከታች ሆኖ ወደ ውስጥ እንደማይታይ ትርሲት ታውቃለች፤ ሆኖም ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። ከዚያ ሰዓዳ ወደ ስክሪኑ ተመልሳ መልሱን ሞላች። መብራቷ አረንጓዴ ሆነ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ማንም አልተዛወረም።

ያን ከሰዓት ትርሲት ከዛፉ ሥር ጠበቀች። አንድም ሰው አልመጣም።

በሚቀጥለው መንፈቅ የባልዲው ምሳሌ በሀገሪቱ ኮሌጆች ሁሉ ተዳረሰ፤ ተማሪዎች በአንድ ቀን ተረድተውት ያልፋሉ ተብሎ ተመሰገነ። ዶክተር መክብብ ለትርሲት የእንኳን ደስ አለዎት አበባ ላከላት። ሰዓዳ አንደኛ ዓመቱን በአረንጓዴ ጨረሰች። ከክረምቱ ዕረፍት ግን አልተመለሰችም። ሰሌዳው ላይ የነበረችበት ቦታ ለሌላ ተማሪ ተሰጠ።

ትርሲት በዓመቱ ጡረታ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር ለመነች፤ ድምፄን ከአጋዥ አውጡልኝ አለች። ይከብዳል፣ አይቻልም ይሉኛል ብላ ለመሟገት ተዘጋጅታ ነበር። የተላከችላት ወጣት ባለሙያ «ችግር የለውም እማማ፣ ዛሬውኑ ይለወጣል» አለቻት፤ ለወጠችውም። በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ሌላ ሴት ትናገር ጀመር። ትርሲት የመስታወቱ ክፍል ውስጥ ቆማ ወደ ታች አየች። አንድም ተማሪ ጆሮውን አልነካም። ቀና ያለም አልነበረም።

ሰዓዳን ፍለጋ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በባጃጅ ገንደ ቆሬ ሰፈር ወርዳ እየጠየቀች ደረሰች። ግቢው በር ላይ የተቀበላት አባትየው ኢድሪስ ነበር፤ ትልቅ እጅ፣ ሳሳ ያለ ፂም። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ እሱም አላበዛም።

«አንቺ ነሽ ቲቸሯ? ግቢ፣ ግቢ! ያን ሰሞን ስላንቺ አውርታ አትጠግብም ነበር። እራት ላይ ሁለት ኩባያ ይዛ ከዚህ ወዲያ፣ ከዚያ ወዲህ… እናቷ ‹ልጄ ጨረቃ መታት› ብላ ፈርታ ነበር።» ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርሰው አቆመ። «ከዚያ ተወችው። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም።»

ሰዓዳ ከጓዳ ወጣች። ደረቅ ወደቡ ውስጥ ዕቃ ተቆጣጣሪ ሆና ተቀጥራለች፤ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ትርሲትን ስታይ አልተኮሳተረችም። ሳመቻት፣ ምንጣፍ አነጠፈችላት፣ በቡና ገለባና በወተት የፈላ ሆጃ ቀዳችላት። አባትየው አቧራው እንዳይነሳ ግቢውን ውኃ ረጭቶ ወደ ሰፈር ወጣ።

«ተቀይመሽኛል አይደል?» አለች ትርሲት።

«አይ ቲቸር። ሊያባርሩን ነበር፤ ሰምቻለሁ። ለእኛ ብለው ነው።»

ይህን ስትሰማ ትርሲት እፎይ ማለት ነበረባት፤ አላለችም።

ሰዓዳ የስኒውን ከንፈር በጣቷ እየዳሰሰች «ትንሽ ነበር የቀረኝ» አለች።

«ምን ላይ ደርሰሽ ነበር?»

«ጨው። አንዱ ባልዲ ውስጥ ጨው ልጨምርና ሌላውን ልቅመስ ብዬ ነበር። ውኃው ይቁም አይቁም ምላሴ ይነግረኛል። ሐሙስ ማታ ነው የመጣልኝ። ግን ደግሞ ጨው ሲገባበት ውኃው ራሱ ሌላ ይሆን እንደሆነ እሱ አሳሰበኝ። አርብ እሱን ላስብ ነበር የገባሁት።»

ትርሲት ስኒዋን አስቀመጠች። ልጅቷ የደረሰችበት ለትልልቅ ላቦራቶሪዎች ጭንቀት ሆኖ የኖረ ነገር ነው፤ የምትለኪውን ነገር መለኪያሽ ራሱ እንዳይለውጠው። ማንም አላስተማራትም።

«ሰዓዳ፣ እሱ እኮ በጣም ጥሩ ነበር።»

«ነበር» አለች ሰዓዳ።

ከሩቅ የጭነት ባቡር ጮኸ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለች ትርሲት። «ሰኔቱ ፊት መቅረብ ነበረብኝ። ፈራሁ። አሁን ማንም አያዘኝም፤ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከፈለግሽ ሌላ ጥያቄ ልስጥሽ። እመጣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አንድ ቃል አልተነፍስም። ወርም ይፍጅ፣ ዓመትም ይፍጅ።»

ሰዓዳ ቀና አለች። ዓይኗ ውስጥ የድሮው ነገር ብልጭ ሲል ትርሲት አየች። «እሺ፤ ይስጡኝ» አለች።

ትርሲት ዙሪያዋን አየች። ግቢው መሬት ላይ አባትየው የረጨው ውኃ ገና አልደረቀም። «ይኸው። ውኃ ቀለም የለውም። አፈሩ ላይ ሲፈስ ግን አፈሩን ያጠቁረዋል። ለምን?»

ሰዓዳ መሬቱን አየችው። ጎንበስ ብላ እርጥቡን አሸዋማ አፈር በጣቷ አንስታ አሸት አሸት አደረገችው። ከደረቁም አነሳች። ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፤ ዶሮ ትጭራለች።

ትንሽ ቆይቶ የሰዓዳ ጣት አሸዋውን ማሸት ተወ። እጇ ሳታውቀው ወደ ጆሮዋ ሄደና ባዶውን ጆሮ ነካክቶ ተመለሰ።

«አይዞሽ፣ ጊዜ አለን» አለች ትርሲት።

«አይደለም ቲቸር…» ሰዓዳ አሸዋውን አራገፈች። «አሁን እንዲህ ዝም ሲባል እፈራለሁ። ሥራ ላይም ያደርገኛል። አንድ ነገር ሲገጥመኝ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ምን እንደምጠብቅ እኔም አላውቅ። ያኔ እንዲህ አልነበርኩም፤ ከዚያ ዓመት በኋላ ነው።» ለመሳቅ ሞከረች። «ይንገሩኝ በቃ።»

«ትንሽ ብቻ ሞክሪ።»

«እባክዎ ቲቸር። ይንገሩኝ።»

እጇ ደግሞ ወደ ጆሮዋ ሄደ። ትርሲት ይዛ አወረደችው፤ ስትለቀው ግን ተመልሶ ሄደ።

«ደረቁ አሸዋ ላይ ብርሃኑ ነጥሮ ወደ ዓይናችን ይመለሳል» አለች በመጨረሻ። «ውኃ ሲገባበት ግን ብርሃኑ በውኃው አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ብዙው እዚያው ይቀራል። የሚመለሰው ሲያንስ ጠቁሮ ይታየናል።»

የሰዓዳ ትከሻ ወረደ። ራሷን ነቅነቅ አደረገች፤ «ገብቶኛል» አለች። ከዚያም የትርሲት ሆጃ እንደቀዘቀዘ አይታ ልትለውጥላት ተነሳች።